በእህቴ ሳንባ ላይ የታየው ነጭ ነገር

እኔ ቀናተኛ ነኝ። ይህን ስናገር ሰው ቀልድ እየመሰለው ይስቃል። ቀልድ አይደለም፤ ወላሂ! ልጆች ሆነን እናቴ ለታላቅ እህቴ ለዘሃራ የምታጎርሳት ጉርሻ ከእኔው ይበልጣል እያልኩ ከማዕድ ተነስቼ እወጣ ነበር። ለዒድ አንድ ዓይነት ቀሚስ ተገዝቶልን እንኳ የእሷ ቀለም የጠለቀ ይመስለኛል። ጎረቤቶቻችን «ይቺ ፋጤ፣ ዘሃራ ብትታመም በሕመሟም ትቀናለች» እያሉ ያሾፉብኝ ነበር። ቀልዳቸው እውነት የሆነበትን ሰሞን ነው የማጫውታችሁ።

ጊዜው ከተማችን መካነ ሰላም ውስጥ ሞባይል የያዘ ሰው በጣት የሚቆጠርበት ነበር። አባታችን ከብት ነጋዴ ነበሩ፤ ከላላ ገበያ ገዝተው ወረኢሉ ይሸጣሉ። ዘሃራም እኔም አሥረኛ ክፍል ላይ ውጤት አልመጣልንም፤ ቤት ቁጭ ብለናል። በእኛ ሰፈር ከዐረብ አገር የሚላክለት ቤት በጣሪያው ይታወቃል፤ አዲስ ቆርቆሮ ነው። የእኛ ጣሪያ ዝጓል። እኔ ደግሞ ከዐረብ አገር የተመለሱ ልጆች ሲያወሩ አፋቸው ሥር ነበር የምቀመጠው። የዐረብኛ ቁጥር አጥንቻለሁ፣ ስለ ጅዳ ሙቀት፣ ስለ ፎቁ፣ ስለ ክፉዋም ስለ ደጓም እመቤት ሰምቼ ጠግቤአለሁ። መሄድ ነበር የምፈልገው። ሌላ ምንም አልነበረኝም።

አንድ ቀን አክስታችን ከድጃ ከጅዳ ደወለች። የአሠሪዋ እህት ሠራተኛ ትፈልጋለች፤ ቪዛው አንድ ነው፤ ከሁለቱ የትኛዋን ላምጣ አለች።

«ይሄ ይጠየቃል? ታላቂቱን ነዋ!» አሉ አባታችን።

ዘሃራ እዚያው ሽንኩርት እየላጠች ነበር። ቀና አላለችም። እኔ ያጠብኩትን ሰሃን መልሼ አጠብኩት። አሮጌ ጫማ እንኳ ብርቅ የሆነብን ልጆች ሆነን እሷ በአውሮፕላን ልትሄድ! እኔ እዚህ ሰሃን ላጥብ!

ይባስ ብላ እናቴ የዘሃራን ጸጉር እንድሠራ አዘዘችኝ። ዱዓ ሊደረግላት ነው፤ ጎረቤት ይመጣል፤ መንገደኛ ደግሞ አምሮባት ነው የምትመረቀው። ከኋላዋ ተቀመጥኩና ጀመርኩ። በእልህ ነው የምጎትተው።

«ኧረ ፋጤ፣ ቀስ! ነቀልሽው እኮ!»

«ቻይው! ጅዳ የሚሄድ ሰው ችሎ ነው።»

በጥቁር ክር እያወፈርኩ ሹሩባ ጎነጎንኩላት፤ እናቴም ለጋ ቅቤ አለበሰችው። ጉንጉኑ አንገቷን አልፎ ትከሻዋ ላይ ተዘረገፈ። ያምራል። በእኔ እጅ ማማሩ ደግሞ የባሰ አናደደኝ።

አክስታችን አንድ ነገር አስጠንቅቃ ነበር። አዲስ አበባ የጤና ምርመራ አለ፤ ደረት በራጅ ይታያል፤ ሳንባዋ ላይ አንዳች ነገር የተገኘባት ልጅ ትቀራለች። የሰፈራችን አንዲት ልጅ በዚሁ ምክንያት ከአዲስ አበባ እያለቀሰች ተመልሳለች። ስለዚህ አባታችን «አዲስ አበባ ደርሶ ከማፈር እዚሁ እንወቀው» ብለው በቅርቡ ራጅ ወዳስገባ አንድ ክሊኒክ ወሰዷት። እኔም ተከተልኩ። ማን ጠራኝ? ማንም! ዘሃራ ያየችውን ሳላይ ልቀር ነው እንዴ?

ራጅ የሚያነሳው ታደሰ የሚባል የከላላ ልጅ ነበር፤ ሰው አክባሪ፣ ድምፁ ዝግ ያለ።

«ሻሿን ታውልቀውና ጸጉሯን ወደ ላይ ትሰብስበው» አለ።

አባታችን ወደ በሩ ሊወጡ ሲሉ ቆሙ። «ምን አልክ?»

«ለራጁ ነው፣ ጋሼ።»

«ደረቷን ነው ወይስ ራሷን ነው የምታነሳት?»

«ደረቷን ነው። ግን…»

«እንግዲያው ደረቷን አንሳ! እኔ በሕይወት እያለሁ ልጄ ባዳ ወንድ ፊት ጸጉሯን አትገልጥም። ወንድሜ፣ ክፉ አላልኩህም። ነውር ስለሆነብን ነው።»

ታደሰ ውጭ የተኮለኮለውን ወረፋ አየ፤ አባታችንን አየ። «እሺ ጋሼ፣ እንዳሉት ይሁን» አለ። አባታችን ታደሰ ከግንቡ ጀርባ እንደሚቆም ካረጋገጡ በኋላ ነው ከክፍሉ የወጡት። በሩ ተዘጋ። «ደረትሽን አስጠጊ… ትንፋሽ ያዢ… በቃ ተንፍሺ» ሲል ሰማነው። አለቀ። ይህችው ናት? ብዬ ትንሽ ደስ አለኝ፤ ብዙ አልቀረብኝም።

ፊልሙ ሲደርስ ሐኪሙ መብራት ያለበት ሳጥን ላይ ሰክቶ አየው። ቆይቶ በጣቱ ጠቆመ። የቀኝ ሳንባዋ አናት ላይ፣ ከአንገቷ ዝቅ ብሎ፣ ነጭ ነገር አለ።

«ታስላለች?»

«ኧረ አታስልም!» አሉ አባታችን።

«ሌሊት ያልባታል? ከስታለች?»

«ይኸው እንደምታያት ናት።»

«የሳንባ ነቀርሳ ሊሆን ይችላል። ደሴ ሄዳ በደንብ ትመርመር።»

አባታችን «ሊሆን ይችላል» የሚለውን አልሰሙም። «ነቀርሳ» የሚለውን ብቻ ሰምተው ኮፍያቸውን አውልቀው መልሰው ጫኑት።  ማታውኑ ወደ አክስታችን አስደወሉ፤ «በታናሺቱ ስም አድርጊው፤ ያቺስ አላህ ያውቅላታል» አሏት። ደሴ የሚወስዷት ደግሞ ከወረኢሉ ገበያ ሲመለሱ ነው ተባለ።

ቪዛው የእኔ ሆነ! ደስ አለኝ? እውነቱን ልንገራችሁ፤ ደስታው ገና ጉሮሮዬ ሳይደርስ ቅናቱ ቀደመው። ቤቱ በአንድ ጊዜ የዘሃራ ቤት ሆነ። እንቁላል ለዘሃራ፣ ማር ለዘሃራ፣ ወተቱ ለዘሃራ። ኩባያዋ ተለየ፤ ግን ከሁላችን የሚያምረው ኩባያ ነው የተለየላት። ውሃ መቅዳት ቀረላት፤ በእኔ ላይ ተጨመረ። እናቴ ፍራሿን ከእሷ ጎን አነጠፈች። «አላህ ያሽርሽ» የሚል ጎረቤት በጠዋት ይገባል። ለእኔ «እንኳን ደስ ያለሽ» ያለኝ የለም። ጅዳ የምሄደው እኔ፣ የሚለቀስላት እሷ! አንድ ቀን እኔም እንቁላል ጠብሼ ልበላ ስል እናቴ፣ «አንቺ ጤነኛ! ምን ጎደለብሽና ነው?» ብላ ድስቱን ከእጄ ወሰደችው። ከሁሉ ያበገነኝ ደግሞ ዘሃራ ራሷ ናት። እንደታመመ ሰው አልተከፋችም። ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ማሯን እየላሰች ፊቷ ወዝ አወጣ።

አባታችን ለገበያ ወረኢሉ በሄዱበት ቀን እኔን ለራጅ የወሰደችኝ እናቴ ናት። ታደሰ ልክ እንደዚያን ቀን፣ «ሻሽሽን አውልቂና ጸጉርሽን ወደ ላይ ሰብስቢው» አለኝ። እናቴ «ሐኪም አይደል፣ ታውልቅ» ብላ ውጭ ልትጠብቀኝ ወጣች። እኔን ግን ነገሩ ወዲያው ሌላ ቦታ ወሰደኝ።

«እህቴን ሳትገለጥ ነው ያነሳሃት! እኔ ስሆን ምነው? የእሷ ጸጉር ክቡር ነው፣ የእኔ ርካሽ?»

ታደሰ ሳቀ። «ብዙ ሰው ነው የማነሳው፤ እህትሽን አላስታወስኳትም። አብሽሪ፣ የክብር ነገር አይደለም። ራጅ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«ፎቶ ነዋ።»

«ፎቶ አይደለም፤ ጥላ ነው። ከዚህ ዕቃ ውስጥ ለዓይን የማይታይ ብርሃን ይወጣል። የፀሐይ ብርሃን ሥጋሽ ላይ ይቆማል አይደል? ይሄኛው ግን ያልፋል። ሳንባ ውስጥ ያለው አየር ስለሆነ እንደ ልቡ ያልፈዋል። አጥንት ደግሞ ያስቆመዋል። ከፊትሽ ያለው ሰሌዳ ውስጥ ፊልም አለ። ብርሃኑ የደረሰበት ቦታ ይጠቁራል፤ ያልደረሰበት ነጭ ሆኖ ይቀራል። ለዚህ ነው ሳንባ ጥቁር፣ የጎድን አጥንት ነጭ ሆኖ የምታዪው።»

«ደረትሽን አስጠጊ የምትለውስ?»

«በኩራዝ መብራት እጅሽን ከግድግዳው ስታርቂው ጥላው ምን ይሆናል?»

«ያድጋል። ይደበዝዛል።»

«በቃ! ልብሽ ከፊልሙ ከራቀ ያለ መጠኑ ትልቅ ይመስላል። ትንፋሽ ያዢ የምልሽም ሲንቀሳቀስ ጥላው ስለሚበላሽ ነው።»

«ታዲያ ጸጉሬ ምን አደረገህ?»

«ነጭ ነገር ስናይ መንገድ ላይ አንዳች ነገር ብርሃኑን እንደያዘው እናውቃለን። ምን እንደያዘው ግን ፊልሙ አይነግረንም። ከፊት ያለውም፣ ከውስጥ ያለውም፣ ከኋላ ያለውም አንድ ላይ ተደራርቦ ነው የሚወጣው። ሳሳ ያለ ጸጉር ግድ የለም፤ ያልፈዋል። ወፍራም ሹሩባ ሲሆን…»

«ቅቤ የጠጣስ? በክር የወፈረ?» አልኩ። 

«እሱማ ከአንገት ወርዶ ሳንባ አናት ላይ ከተኛ ሐኪም ያሳስታል። ከጎን አድርጎ ሌላ ካላነሱ ወይ ጸጉሩን ካላነሱት ሕመም ነው የሚመስለው።»

እጄ ጸጉሬ ላይ ቀረ። እነዚያን ጉንጉኖች ማን እንደሠራቸው፣ የት ድረስ እንደወረዱ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ዘሃራ ሻሿ ሥር ይዛቸው ነው የተነሳችው። ታደሰ «ትንፋሽ ያዢ» ከማለቱ በፊት ትንፋሼ ተይዟል።

የእኔ ፊልም ንጹህ ሆኖ ወጣ። እናቴ «አልሐምዱሊላህ» አለችና ወዲያው አለቀሰች። ለማን እንዳለቀሰች መንገር አያስፈልገኝም።

ወደ ቤት ስንሄድ ውስጤ ሁለት ሰው ሆኖ ተጣላ። ብናገር ጅዳ የለም፤ ቪዛው ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። ዝም ብል ዘሃራ ያልያዛትን በሽታ ተሸክማ ልትቀመጥ ነው፤ ሰፈሩም «ነቀርሳ ያለባት» ብሎ ሊጠራት፣ ባል ሊሸሻት ነው። ዝም ማለት ይሻላል አልኩ። ደሴ ይደርሱበት የለ? እኔ እስከዚያ እሄዳለሁ፤ እሷም ትድናለች፤ ማን ተጎዳ? እንዲህ እያልኩ ከበራችን ደረስኩ። አባታችንም ከገበያ ተመልሰው ደጃፍ ተቀምጠዋል።

ዶሮ ታርዷል። ለእኔ መስሎኝ ነበር። እናቴ ገብታ ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ ዘሃራን አቅፋ ከአጥንቱ ሥጋ እየፈለፈለች ታጎርሳት ጀመር። «ብዪልኝ። ፋጤስ ትሂድ ግድ የለም፤ አንቺ ብቻ ዳኝልኝ» አለቻት።

ፋጤስ ትሂድ! ግድ የለም!

ደሜ ፈላ። ጅዳም፣ ቪዛም፣ ሁሉም ከራሴ ጠፋ።

«ምንም አልሆነችም!» ብዬ ጮህኩ። «በነፃ ነው ዶሮ የምትበላው! ጸጉር ነው! እኔ የጎነጎንኩት፣ አንቺ ቅቤ ያለበስሽው ሹሩባ ነው!»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ልመልሰው ብል አይመለስም። እናቴ እጇ ከጉርሻው ጋር አየር ላይ ቀረ። አባታችን ገቡና «እስኪ ቀስ ብለሽ ንገሪኝ» አሉ። ታደሰ ያለኝን ሁሉ ነገርኳቸው። ፊልሙን አምጥተው ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሱት፤ የዘሃራን ሹሩባ አዩ፤ እንደገና ፊልሙን አዩ። 

«እኔ ነኝ የከለከልኩት» አሉ በመጨረሻ። «ፍቺው ጸጉሯን።»

ፈታሁት።  እኔ ደስ ይላታል ብዬ ስጠብቅ የዘሃራ ፊት አመድ መስሏል።

በማግስቱ ጠዋት ሦስታችን ክሊኒኩ ሄድን። አባታችን ታደሰን ገና ከሩቅ ሲያዩት፣ «ልጄ፣ ያልከውን ታድርግ፤ እኔ ውጭ ነኝ» አሉት። ዘሃራ ጸጉሯን አናቷ ላይ ሰብስባ ገባች። ፊልሙ ሲወጣ ሁለቱም ሳንባዎቿ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ናቸው። ሐኪሙ አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን ሰክቶ አሳየን። ያ ነጭ ነገር የለም።

«ጋሼ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ያን ቀን ጠንክሬ ማስረዳት ነበረብኝ» አለ ታደሰ።

«ተው፣ ተው። አንተማ ነግረኸኝ ነበር» አሉ አባታችን። ፊታቸው ግን ፈክቷል። ወደ እኔ ዞረው «ያረቢ ምስጋና ላንተ! እንግዲህ ፋጤ፣ አንቺ ትቆያለሽ። ቪዛው ወደ ታላቂቱ ይመለሳል። አንቺም ተራሽ ይደርሳል» አሉና ሐኪሙን ሊያመሰግኑ ተመልሰው ገቡ።

ክሊኒኩ ግቢ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። እንባዬ መጣ። ዘሃራም አጠገቤ ተቀመጠች። እሷም ታለቅሳለች! ይሄንንም ልትቀማኝ ነው?

«አንቺ ደግሞ ምን ሆነሽ ነው የምታለቅሺው? ጅዳሽን መልሼልሽ!»

«አንደበትሽን ምነው ባሰረልኝ» አለች።

«ምን?»

«ሰሞኑን ሌሊት ሌሊት እየተነሳሁ አላህን ሳመሰግን ነበር፣ ፋጤ።»

«ታመምኩ ብለሽ?»

«ቀረሁ ብዬ።»

 ዘሃራ ማውራት የማታበዛ ልጅ ናት፤ ያን ቀን ግን ፈሰሰላት። ከድጃ ከደወለች ጀምሮ እንቅልፍ አጥታለች። እናቴን ትታ ሰው አገር መሄድ እንደ ሞት ነው የታያት። «ጸጉሬን በእልህ ስትጎትቺ ዝም ያልኩሽ ሳይገባኝ ቀርቶ መሰለሽ? ለምን እንደምትጎትቺ አውቃለሁ። እኔም እኮ በአንቺ እቀና ነበር።»

«በእኔ? ምኔን ብለሽ?»

«የምትቀሪ ስለሆንሽ።»

እኔን! ሰሃን የማጥበዋን፣ ጉርሻዋን የምለካዋን! በሕይወቴ ሰው ቀንቶብኝ ያውቃል ብዬ አስቤ አላውቅም። «ምቀኛ አታሳጣኝ» እያልኩ ስጸልይ የኖርኩ፣ ምቀኛዬ አጠገቤ ተኝታ ታድራለች። ሳቅም ለቅሶም አንድ ላይ መጣብኝ።

አባታችን ሲወጡ ተነስቼ መንገዳቸው ላይ ቆምኩ። «አባ፣ ይስሙኝ። ዘሃራ መሄድ አትፈልግም።»

«አንቺ ልጅ፣ ይሄ ቅናትሽ ዛሬም…»

«ይጠይቋት! ራሷን ይጠይቋት!»

ዘሃራ መሬት መሬት ታያለች። «እውነት ነው?» አሏት። ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

«ታዲያ እስከ ዛሬ ምነው ዝም አልሽ?»

«ማን ጠየቀኝ፣ አባ?»

አባታችን እኔ የነበርኩበት ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ከብት ሲገዙ ጥርስ አይተው፣ ሰኮና ዳስሰው፣ አስረምደው ነው። ይህን እያሰቡ እንደነበር አላውቅም። «ታላቅ እያለች ታናሽ ስትሄድ ሰው ምን ይላል?» አሉ ለራሳቸው።  ከዚያ ወደ እኔ ቀና ብለው «አንቺስ? ትፈልጊያለሽ?» አሉኝ።

«እኔማ አባ፣ በእግሬም ቢሆን እሄዳለሁ!»

ሳቁ። አባታችን ያን ቀን ሲስቁ እንባቸው ወረደ።

ሄድኩ። ብዙ ዓመት ሠራሁ። ደግ እመቤትም ክፉ እመቤትም አየሁ። ጣሪያውን ያስቀየርኩት እኔ ነኝ፤ ይህን ስናገር ዛሬም ደረቴን ነፋ አደርጋለሁ። ቅናቴ ግን ሻንጣዬ ውስጥ ገብቶ አብሮኝ ሄዷል። ለዒድ ስደውል ከስልኩ ጀርባ እናቴና ዘሃራ ሲሳሳቁ እሰማለሁ፤ ያኔ ልብስ መተኮሻው በእጄ እንደተያዘ ንድድ ይለኛል። ዘሃራ «ታድለሽ፣ አንቺማ አየሩን ቀየርሽ» ትለኛለች። እኔ «አንቺ ነሽ እንጂ የታደልሽ» እላታለሁ። ሁለታችንም አንዋሽም።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ቅናት ሐራም ነው ብዬ ልመክራችሁ አልቻልኩም፤ በማን አፌ! ብቻ የምትቀኑበትን ሰው አንድ ቀን ቁጭ አድርጋችሁ «ያለህን ትፈልገዋለህ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁት። እኛ ቤት ያንን አንድ ጥያቄ ለመጠየቅ ሦስት ጊዜ ራጅ ማንሳት አስፈልጓል። ልጅ ያላችሁም ብትሆኑ፣ ለልጃችሁ ዕድሏን ከመምረጣችሁ በፊት ሽንኩርት የምትልጠዋን ቀና አድርጋችሁ ፊቷን እዩት።

አሁን ተመልሼ መካነ ሰላም ነኝ። አባታችን አኺራ ሄደዋል። ዘሃራ ማሻ ከተማ አግብታ ወልዳ ከብዳለች። እናቴን የምጦራት እኔ ነኝ። ዓይኗ ደክሟል፤ ሰው የምታውቀው በኮቴ ነው፤ እሱንም እያቀላቀለችው መጥታለች። ስትነቃ፣ ውሃ ሲጠማት፣ ጀርባዋን ሲበርዳት «ዘሃራ!» ብላ ትጣራለች። መጀመሪያ መጀመሪያ «ፋጤ ነኝ፣ እማ» እያልኩ አርማት ነበር። አሁን ትቻለሁ። ያው ልቤን ይወጋኛል፤ ግን ብርድ ልብሱን ይዤ እሄድና «አቤት፣ እማ» እላታለሁ።